«ካምሪ አይሞትም» ያለው ማነው?

(ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፤ እሁድ ከሰዓት ለቤተሰቦች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂው ብዙም ሳይነካ የተጻፈ።)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ? አልተሰማኝም። ከኋላ ያላችሁት፣ እንደምን ዋላችሁ? እሺ፣ አሁን ሰማሁ። እግዚአብሔር ይመስገን።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞችና እህቶች፣ በእረፍት ቀናችሁ ስለ አሮጌ መኪና ለመስማት ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ ሲደውሉልኝ «ሃያ ደቂቃ ተናገርልን» ነው ያሉኝ። ሃያ ደቂቃ ዘይት ለመቀየርም አይበቃኝም። እንግዲህ ብረዝም ታግሣችሁ አድምጡኝ።

ለማታውቁኝ፣ ዋሽንግተን ውስጥ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነድቻለሁ። አሁን ከወንድሜ ጋር ጋራዥ እንሠራለን። እንጀራ የበላሁበትም፣ ልጆቼን ትምህርት ቤት ያመላለስኩበትም፣ ዛሬ እጄ ዘይት በዘይት የሚሆንበትም መኪና በብዛት አንድ ዓይነት ነው። ቶዮታ ካምሪ። እስቲ እጅ አውጡ፣ ዛሬ በካምሪ የመጣ ማነው? አያችሁልኝ? የአዳራሹ ግማሽ ነው። የቀረው ደግሞ ለመግዛት ዕቁብ እየጣለ ያለ ነው። (ሳቅ)

ዛሬ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። በአራት ነጥብ እከፍለዋለሁ እንጂ አንድ ነው። ካምሪ ጥሩ መኪና ነው። ግን ስሙ ከመኪናው ቀድሞ ይሮጣል። እኛም ስሙን ሰምተን መኪናውን ሳናይ እንገዛለን። ከገዛን በኋላም ስሙን አምነን መኪናውን እንረሳለን። «ካምሪ ነው እኮ፣ አይሞትም!» እንላለን። ማነው አይሞትም ያለው? እኔ ጋራዥ መጥቶ የሞተ ስንት አይቻለሁ!

ይህ እምነት ከየት መጣ? ከአገር ቤት ይዘነው ነው የመጣነው። ኮሮላ ዲኤክስ እያየን አድገናል። በሰፈራችን አንዲት ዲኤክስ ነበረች። ቅዳሜ ሙሽራ ትይዛለች፣ ሰኞ ጤፍ ትጭናለች፣ ማታ ደግሞ ምጥ የያዛትን ሴት ሆስፒታል ታደርሳለች። ቶዮታ ማለት ለኛ ይሄ ነው። ደግሞ አገር ቤት መኪና ንብረት ነው። ዓመታት ነድተኸው ከገዛህበት በላይ ትሸጠዋለህ። እዚህ ግን ከዲለሩ፣ ከመኪና ሻጩ ማለቴ ነው፣ በር ከወጣህባት ደቂቃ ጀምሮ ዋጋው ቁልቁል ነው። የአገር ቤቱን ሂሳብ እዚህ ይዞ የመጣ ሰው ለአሮጌ ካምሪ የማይገባውን ዋጋ ይከፍላል፤ «ስሸጠው አገኘዋለሁ» ብሎ። አታገኘውም፣ ወንድሜ።

አሁን ወደ ነጥብ አንድ እንግባ። ካምሪ የሚባል አንድ መኪና የለም።

በቅርቡ አንድ ልጅ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ካምሪ አግኝቻለሁ፣ ልግዛው?» አለኝ። የስንት ዓመተ ምህረት ነው? አላወቀም። ስንት ማይል ሄዷል? አላየም። ባለ አራት ሲሊንደር ነው ባለ ስድስት? ዝም አለ። «ኧረ ጋሼ፣ ነጭ ነው! ውስጡ ጽድት ያለ ነው!» አለኝ። ነጭ ነው! ሸሚዝ ነው እንዴ የምትገዛው? (ሳቅ)

ካምሪ አሜሪካ ገበያ የገባው በ1983 ነው። ከ1988 ጀምሮ ደግሞ እዚሁ ኬንተኪ፣ ጆርጅታውን ውስጥ ይገጣጠማል። ለዓመታት ከሴዳን መኪኖች በሽያጭ አንደኛ ሆኖ ቆይቷል። ለዚህ ነው መለዋወጫው በየማዕዘኑ የሚገኘው፤ ለዚህ ነው የማያውቀው መካኒክ የሌለው። ይሄ ትልቅ ጥቅም ነው፣ አልክድም። ግን በነዚህ ሁሉ ዓመታት መኪናው ተለዋውጧል። ከ2002 እስከ 2006 አንድ ትውልድ ነው። ከ2007 እስከ 2011 ሌላ። ከ2012 እስከ 2017 ሌላ። ከ2018 እስከ 2024 ሌላ። የ2025ቱ ጭራሽ ሃይብሪድ፣ በቤንዚንም በባትሪም የሚሠራ፣ ብቻ ሆኖ መጣ። የምጠራው የሞዴል ዓመት ነው፣ በፈረንጅ።

ይሄን ለምን ዘረዘርኩ? አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ከ2007 እስከ 2009 ያለው ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2.4 ሊትር ሞተር ዘይት በመብላት የታወቀ ነው። ይሄ የኔ ሐሜት አይደለም። ቶዮታ ራሱ ለዚህ ችግር ዋስትናውን አራዝሞ የፒስተኑን ክፍል ይቀይር ነበር። ያ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። በ2010 ሞተሩ ተቀይሮ 2.5 ሊትር ሆነ። እንግዲህ የ2009ኙንና የ2010ሩን ጎን ለጎን ብታቆሟቸው ወንድማማች ናቸው። ኮፈኑን ስትከፍቱ ግን ሌላ ሞተር ነው። ሻጩ ይሄን ይነግራችኋል? አይነግራችሁም። የ2007 እስከ 2009 ካገኛችሁ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ፒስተኑ ተሠርቶለታል ወይ? ወረቀቱስ?» የሚል ይሁን። ወረቀት ከሌለ አልተሠራም ብላችሁ ቁጠሩ።

እኔን ለቤተሰብ የቱ ይሻላል ብትሉኝ፣ ከ2012 እስከ 2017 ያለውን ባለ አራት ሲሊንደር እመርጣለሁ። 2.5 ሊትር ነው፤ በጋሎን ከተማ ውስጥ እስከ 25፣ ሃይዌይ ላይ እስከ 35 ማይል ይሄዳል ተብሎ ነው የተመዘነው። ካምቢዮው ባለ ስድስት ማርሽ የተለመደው ዓይነት ነው። ሞተሩ በቺንጋ፣ በላስቲክ ቀበቶ ማለቴ ነው፣ ሳይሆን በካቴና ነው የሚዞረው፣ ስለዚህ «ቺንጋው ደርሷል» የሚባል ትልቅ ወጪ የለበትም። መልኩ አያምርም ይላሉ። አዎ፣ አያምርም። ሦስት ልጅ፣ ሁለት የሕፃን መቀመጫና የሳምንት አስቤዛ ስትጭኑበት ማን መልኩን ያየዋል?

ሃይብሪዱስ? በዚያው ዘመን ያለው ከተማ ውስጥ በጋሎን 43 ማይል ድረስ ተመዝኗል። ኡበር ለሚሠራ ሰው ይሄ እንጀራ ነው። ግን ባትሪው አየር ይፈልጋል። በኋላ መቀመጫው አካባቢ አየር የሚስብባት ቀዳዳ አለች። እናቶቼ፣ የልጆች ጃኬት፣ ብርድ ልብስ፣ የሱፐርማርኬት ፌስታል እዚያ ላይ አትከምሩ! ውሻ ያላችሁ ደግሞ ፀጉሩ ይገባባታል፤ አስጠርጓት። የባትሪው ዋስትና እስከ 2019 ሞዴል 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ነበር። ከ2020 ጀምሮ 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል ነው። ስትገዙ ስንት እንደቀረው አስሉ።

አሁን አንዳንዶቻችሁ «ይሄ ሰውዬ ከቶዮታ ይከፈለዋል» ትላላችሁ። አይከፈለኝም! ሆንዳ አኮርድም ጎበዝ መኪና ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ግን በቺንጋ ነው የሚዞረው፤ ወደ 100,000 ማይል ሲጠጋ መቀየሩን ጠይቁ። ኒሳን አልቲማ ዋጋው ያማልላል። የ2013 እስከ 2016 ሞዴሎች ካምቢዮ ላይ ግን ኩባንያው ራሱ ዋስትናውን እስከ 84,000 ማይል አራዝሞ እንደነበር እወቁ። ሃዩንዳይ ሶናታ ከ2011 እስከ 2014 ኩባንያው ለሞተር ጥገና መልሶ የጠራው መኪና ነው፤ ጥሪው ተሠርቶ ከሆነ ደህና ነው። በቁልፍ የሚነሱት የእነዚያ ዓመታት ሃዩንዳይና ኪያ መኪኖች ደግሞ የሌባ መከላከያው ስለሌላቸው እንዴት እንደተሰረቁ ታውቃላችሁ። ፖሊስ የመሪ መቆለፊያ እስከማደል ደርሶ ነበር። በዚህ አልቆይም፣ ሌላ ቀን ሌላ ሰው ጥሩ።

ነጥብ ሁለት። ማየት። ማየት። ማየት።

አንድ ቀን ከአንድ ጓደኛዬ ጋር መኪና ልናይለት ሄድን። የዲለሩን ስም አልጠራም። «በአራት ሰዓት እንመጣለን» ብለን ነግረናቸው ነበር። ደረስን። መኪናው ታጥቦ፣ ጎማው ጥቁር ቀለም ተቀብቶ፣ በሩ ተከፍቶ ቆሟል። ሻጩ እየሳቀ ቁልፉን ሰጠን። እኔ ቁልፉን ከመቀበሌ በፊት እጄን ኮፈኑ ላይ አደረግሁ። ትኩስ ነው! ጠዋት ማንም ሳይነዳው ለምን ሞቀ? ሻጩን አየሁት። እሱም አየኝ። «እዚያ ጋ ልናቆመው ስናንቀሳቅሰው ነው» አለ። ለማንቀሳቀስ ይሄን ያህል ይሞቃል?

ለምን ያሞቁታል? ያረጀ ሞተር በሽታውን የሚናገረው ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው። የላላ ካቴና ሲንጫጫ የሚሰማው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው። ዘይት የሚበላ ሞተር ሰማያዊ ጭስ የሚተፋው መጀመሪያ ሲነሳ ነው። ከሞቀ በኋላ ሁሉም ጨዋ ነው። ለጓደኛዬ «ቁልፉን መልስለት፣ ነገ ጠዋት ሳንነግራቸው እንመጣለን» አልኩት። በማግስቱ ሄድን፤ ኮፈኑ ቀዝቃዛ ነው። አስነሳሁት። ማርሚታው ጋ ቆሞ የነበረው ጓደኛዬ በሰማያዊ ጭስ ተሸፈነ። ሻጩ ያን ጊዜ ስልክ ተደወለለት። (ሳቅ)

ስለዚህ ምን ትጠይቃላችሁ? «ቀዝቃዛ ሞተር አሳየኝ» ነው። እምቢ ካለ መልሱን አግኝታችኋል ማለት ነው። ሬዲዮውን ደግሞ ዝጉት። ሻጭ ሬዲዮ የሚከፍተው ሙዚቃ ስለሚወድ ይመስላችኋል?

ሌላ ልንገራችሁ። የኔ ሙያ ስለሆነ ይሄን አሳምሬ አውቀዋለሁ። የዲሲ ታክሲ ከ2013 ወዲህ ቀይ ሆኖ በግራጫ ሰንበር እንዲቀባ ተወስኗል፣ አይደል? ካምሪዎቻችን ጡረታ ሲወጡ የት ይሄዳሉ? ብር መስለው፣ ጥቁር ሆነው፣ ነጭ ሆነው ተቀብተው ይሸጣሉ። ልጁ «ነጭ ነው» ያለኝ ያ መኪና! ቀለም ቀቢ ከውጭ ያለውን ይቀባል፤ ውስጥ ውስጡን ይሰንፋል። በሩን ክፈቱ። ማጠፊያው ያለበትን ጥግ እዩ። የበሩን ላስቲክ በጣታችሁ ገለጥ አድርጉ። የኋላውን የዕቃ ቦታ ከፍታችሁ ተቀያሪ ጎማው የተቀመጠበትን ጉድጓድ ዳር ዳሩን እዩ። ቀይ ካያችሁ ባልደረባዬ ነው። ጣሪያው መሐል ደግሞ በእጃችሁ ዳሱት፤ የመብራቱ ቀዳዳ የተደፈነበት ቦታ ለጣት ይታወቃል።

ታክሲ መሆኑ ኃጢአት አይደለም። እኔም ልጆቼን ያሳደግሁት በታክሲ ነው። ግን የታክሲ ዋጋ ይከፈልበት! ማይሉ የማይቆጥረው ሥራ አለ። ኤርፖርት ወረፋ ላይ ስንቆም በበጋ ኤሲ፣ በክረምት ማሞቂያ ከፍተን ነው። ሞተሩ ሰዓታት ይሠራል፣ ማይሉ ባለበት ነው። የኡበር መኪናም እንዲሁ ነው። ከኋላ በቀኝ በኩል ያለውን መቀመጫና የበሩን እጀታ እዩ። ተሳፋሪ የሚገባው በእግረኛው መንገድ በኩል ነው። ቀኙ ተበልቶ ግራው አዲስ ከሆነ፣ «የአንዲት አሮጊት መኪና ነበር፣ ቤተክርስቲያን ብቻ ነው የምትሄድበት» የሚለውን ተረት ለሌላ ይንገሩ።

ጎርፍ የገባበት መኪናም አለ። ቴክሳስ በ2017፣ ፍሎሪዳ በ2022 ከባድ አውሎ ነፋስ መታቸው። በጎርፍ የተዘፈቀ መኪና ወደ ሌላ ግዛት ይጓዛል፤ ታይትሉም፣ የባለቤትነት ወረቀቱ፣ መንገድ ላይ «ይታጠባል»፤ የጎርፉ ምልክት ይጠፋለታል። የጓዳው መፈተሻ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? የመቀመጫ ቀበቶ። እስከ መጨረሻው ጎትታችሁ አውጡት። ምንጣፍ ይቀየራል፣ መቀመጫ ይታጠባል፣ ሽቶ ይረጫል። ተጠቅልሎ ውስጥ የቀረውን የቀበቶ ጫፍ ግን የሚያጥብ ጥቂት ነው። የጭቃ መስመር ካለው ቁልፉን መልሳችሁ ሂዱ። ከመቀመጫው ሥር ያለው ብረትም ዝጎ እንደሆነ በስልክ መብራት እዩት።

ባለ 17 ፊደልና ቁጥሩን ቪን፣ የመኪናውን መለያ፣ ደግሞ ከፊት መስታወቱ ሥር ቅዱት። የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ስታስገቡት ያልተሠራ ሪኮል፣ የኩባንያው የጥገና ጥሪ፣ ካለ ይነግራችኋል። ነፃ ነው! የታካታን የአየር ከረጢት ሰምታችኋል? በአሜሪካ ታሪክ ትልቁ የመኪና ጥሪ ነው። ሕይወት ያተርፋል የተባለው ከረጢት ብረት እየበተነ ሰው ገድሏል። ዛሬም ያልተሠሩ መኪኖች መንገድ ላይ አሉ። ሪኮል ደግሞ በዲለር የሚሠራው በነፃ ነው፤ አሥረኛ ባለቤት ብትሆኑም በነፃ ነው።

በመጨረሻም የራሳችሁ መካኒክ ይየው። የሻጩ መካኒክ አይደለም፣ የሻጩ ዘመድ አይደለም፣ የራሳችሁ። እዚህ ሜሪላንድ አሮጌ መኪና ስም ሲዛወር የደኅንነት ምርመራ ማለፍ አለበት። ቨርጂኒያ በየዓመቱ ይመረመራል። ዲሲ ግን ከ2009 ወዲህ ለግል መኪና የደኅንነት ምርመራ ቀርቷል፤ የጭስ ብቻ ነው ያለው። የዲሲ ታርጋ ያለው መኪና ፍሬኑን ከዓመታት ወዲህ ማንም አይቶት ላያውቅ ይችላል ማለት ነው። ምርመራ ማለፉ ደግሞ ሞተሩ ደህና ነው ማለት አይደለም። ምርመራው የሚያየው ፍሬን፣ ጎማ፣ መብራት፣ መሪ ነው። «ኢንስፔክሽን አልፏል» ብሎ የሚሸጥላችሁን ሰው «እሺ፣ ዘይቱስ?» በሉት።

ነጥብ ሦስት፣ ገንዘብ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆጣ።

አሥር ሺህ ዶላር ተበድራችሁ በአምስት ዓመት የምትከፍሉት መኪና አለ እንበል። በ7 በመቶ ወለድ በወር 198 ዶላር ገደማ ነው፤ በጠቅላላው ወደ 11,900 ትከፍላላችሁ። ያንኑ አሥር ሺህ በ20 በመቶ ብትወስዱት በወር 265 ገደማ ነው፤ በጠቅላላው ወደ 15,900። ያው መኪና ነው! አራት ሺህ ዶላር ልዩነት! አዲስ የመጣ ሰው ክሬዲት፣ የብድር ታሪክ፣ የለውም፤ ሻጩ ያውቃል። ስለዚህ የመኪናውን ዋጋ አይነግራችሁም፤ «በወር ስንት ትችላለህ?» ነው የሚላችሁ። ለዚህ ጥያቄ አትመልሱ። «ጠቅላላ ዋጋው ስንት ነው?» ብላችሁ መልሳችሁ ጠይቁ። እስኪነግራችሁ ድረስ ደጋግማችሁ ጠይቁ።

ለዚህ ነው ዕቁብን የምወደው። ወለድ የለውም። ዕቁብ ወጥቶለት ጥሬ ገንዘብ ይዞ ወደ ሻጭ የሚሄድ ሰው አቋቋሙ ራሱ ሌላ ነው። ገንዘቡን ሁሉ ግን መኪናው ላይ አትጨርሱት። ከሰባት ሺህ ስድስቱን ለመኪናው፣ አንዱን ለሚመጣው ያዙ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ባትሪ፣ ታይትል፣ ታክስ፣ ኢንሹራንስ አለ። ቨርጂኒያ የምትኖሩት ደግሞ በየዓመቱ የመኪና ንብረት ግብር ይመጣባችኋል፤ አትርሱት።

መስኮቱ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት አለ፤ ዲለር በፌዴራል ደንብ የሚለጥፈው። «አዝ ኢዝ»፣ «እንዳለ» የሚለው ሳጥን ምልክት ካለበት፣ ከበሩ ከወጣችሁ በኋላ ሻጩ ምንም ዋስትና አልሰጠሁም እያለ ነው። «በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል» የሚል ወሬ በኛ ሰው ዘንድ አለ። ዲለሩ ራሱ በጽሑፍ ካልሰጣችሁ በቀር እንደዚህ ዓይነት የፌዴራል መብት ለመኪና የለም። በቃል የተነገራችሁ ሁሉ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። «ወንድሜ፣ ሐበሻ ለሐበሻ አይዋሽም» ካላችሁ፣ «እንግዲያው መጻፉ አይከብድህም» በሉት።

ነጥብ አራት። ገዛችሁ። እንኳን ደስ ያላችሁ! አሁንስ?

በጁላይ አራት ሰሞን ለኢትዮጵያውያን የኳስ ውድድር ወደ አትላንታ እየሄድን ነበር፤ ልጆቼ ከኋላ፣ ዳቦ ቆሎው መሐል። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ማረፊያ ቦታ ላይ ስንገባ አንድ የሐበሻ ቤተሰብ አየን። ኮፈኑ ተከፍቷል፣ እንፋሎቱ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ ሚስት ልጅ ታቅፋ ዛፍ ጥላ ሥር ቆማለች። ባልየው ወገቡን ይዞ መኪናውን ያየዋል። «ምን ሆነ?» አልኩት። «እኔ እንጃ። ካምሪ ነው እኮ!» አለኝ። በጣም ነው የተገረመው። የከዳው ነው የሚመስለው።

እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። የራዲያተሩ ፈሳሽ ሮዝ መሆን ነበረበት። ሻይ መስሏል። «ሲጎድል ምን ትጨምራለህ?» አልኩት። «ውኃ።» «ከመቼ ጀምሮ?» «ከገዛሁት።» ለምን እንደሚጎድል ግን አንድ ቀን ጠይቆ አያውቅም። ትንሽ ፍሳሽ ነበረበት፤ የጥቂት መቶ ዶላር ሥራ። ያን ቀን ግን ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ተቃጥሎ ነበር፤ ሞተሩ አለቀ። ሚስትየዋንና ልጆቹን ከዶሮ ወጡ ድስት ጋር እኛ ጫንን። ድስቱን የኔ ሚስት እግር ሥር አድርገን አትላንታ ደረስን። ሰውየው መኪናውን ሲያስጎትት ቀርቶ ጨዋታው አመለጠው።

አሁን አንዲት እህታችንን ደግሞ እዩ። አረጋውያንን በየቤቱ እየሄደች የምትንከባከብ ናት። ካምሪዋ ከ300,000 ማይል በላይ ሄዷል። ምሥጢሯ ምን መሰላችሁ? ደብተር። ልጆች የሚጽፉበት ባለ መስመር ደብተር ከዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ አለ። ቀን፣ ማይል፣ ምን እንደተሠራ፣ ስንት እንደተከፈለ። ደረሰኙ በስቴፕለር ተመትቷል። አንዳንዱ ገጽ የወጥ ጠብታ አለበት። ጋራዥ ስትመጣ «ባለፈው የካምቢዮ ዘይት የቀየርከው መቼ ነው?» ብላ እኔን ትፈትነኛለች፤ ከዚያ ደብተሯን ገልጣ ታርመኛለች። መኪናውን ልሸጠው ብትል እኔ መጀመሪያ የምገዛት ነኝ፤ ያን ደብተር እያየሁ እንደ አዲስ ነው የምከፍላት።

ቁጥሮቹን ጻፉ። የኋለኞቹ ካምሪዎች በሲንተቲክ ዘይት 10,000 ማይል ወይም አንድ ዓመት ይላል መመሪያው። በቤልትዌይ፣ ዋሽንግተንን በሚዞረው መንገድ፣ ትራፊክ ቆመህ ሂድ፣ ቆመህ ሂድ ለሚል አሮጌ ሞተር ግን እኔ 5,000 ነው የምላችሁ። የራዲያተሩ ሮዝ ፈሳሽ መጀመሪያ በ100,000 ማይል፣ ከዚያ በየ50,000ው። ካንዴላ በ120,000። የካምቢዮ ዘይት «ዕድሜ ልክ ነው» የሚላችሁን አትስሙ። የማን ዕድሜ? በ60,000 አካባቢ አስቀይሩ።

ከሁሉም በላይ ይሄን ልድገመው። ቀዩ የዘይት መብራት የዘይቱን መጠን አይነግራችሁም፤ የሚነግራችሁ ግፊቱን ነው። እሱ ሲበራ ሞተሩ ደርቆ እየተፋጨ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ «ቤት ድረስ ላድርሰው» የለም። ዳር ይዞ ማጥፋት ነው። መጠኑን የምትነግራችሁ ኮፈኑ ሥር ያለችው መለኪያ ናት። በሁለቱ ምልክቶች መሐል ያለው በብዙ መኪና አንድ ኳርት ገደማ ነው። ወር ባለፈ ቁጥር አንዴ እዩዋት።

መቼ እንተወው ለምትሉ አጭር መልስ አለኝ። ጥገናው ከመኪናው ዋጋ ግማሽ ካለፈ ቁጭ ብላችሁ አስቡ። አካሉ ሥር ዝገት ከበላው ግን አታስቡ፤ ሽጡት።

ቡናው እየሸተተኝ ነው፣ አዘጋጆቹም እያዩኝ ነው። ጥያቄ ያለው እየጠጣ ይጠይቀኝ። በመኪና የመጣችሁት ግን አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ከቆመ ብዙ ሰዓት ሆኖታል፣ ሞተሩ ቀዝቅዟል፣ ፓርኪንጉም ሜዳ ነው። ሳታስነሱት ኮፈኑን ክፈቱና መለኪያዋን አውጡ። ሶፍት እኔ ይዣለሁ። የ2007፣ የ2008 እና የ2009 ባለቤቶች፣ እናንተ ከፊት ተሰለፉ።